ከሽማግሌ ደጅ እስከ ሐይቅ ዳር

አማርኛችን ለሴት ልጅ ትዳር ያዘጋጃቸውን ግሶች አንባቢ እስቲ ልብ ይበሉ። ታጨች፤ ተዳረች፤ ተሰጠች፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ ተጠለፈች። አራቱም ሌላ ሰው ያደረገውን የሚናገሩ ናቸው። “እጮኛ” የምንለው ጣፋጭ ቃል እንኳ የወጣው “አጨ” ከሚለው ግስ ነው፤ የሚያጨውም ቤተሰብ ነበር። ዛሬ ግን ከሳሪስ፣ ከጎፋ፣ ከለቡ ወይም ከጀሞ የሚነሳ ወጣት ቀለበቱን በኪሱ ይዞ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ሰው በሌለበት የውሃ ዳር “ታገቢኛለሽ ወይ?” ብሎ ለመጠየቅ ሲያቅድ እናያለን። ወጣቶቹ “ፕሮፖዝ ማድረግ” ይሉታል። ትልልቆቹ ደግሞ “የፈረንጅ ፊልም ነው” ብለው ያልፉታል። ለመሆኑ ጥያቄው ከማን ወደ ማን ተዛወረ? በመዛወሩስ ምን ተገኘ፣ ምንስ ቀረ?

የጥንቱ ሥርዓት የታወቀ ነው። የልጁ አባት በአካባቢው የተከበሩ፣ አንደበታቸው የተመሰገነ ሽማግሎችን፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ሰዎችን፣ መርጦ ይልካል። እነርሱም ነጠላቸውን አጣፍተው ከልጅቱ ቤት ይደርሳሉ። ግቡ ሲባሉ ይገባሉ እንጂ ተቀመጡ ቢባሉ እሺ አይሉም፤ ጉዳያቸው እስኪሰማ ይቆማሉ። “ልጃችሁን ለልጃችን” ብለው ከተናገሩም በኋላ መልሱ በዚያው ቀን አይገኝም። “ዘመድ እንምከርበት” ተብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። እስከዚያው የሁለቱም ወገን ትውልድ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ዝምድና ከተገኘ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። ጥያቄው የቀረበው ለአባት ነው፤ መልሱም የአባት ነው። ልጅቱ ከጓዳ ሆና ብትሰማ ነው፤ ያንንም ያልሰሙ ብዙዎች ናቸው።

ይሁን እንጂ ይህ ሥርዓት አንድ ትልቅ ብልሃት ነበረው። “እምቢ” ለማለት ያመቻል። “ገና ልጅ ናት”፣ “ዝምድና ተገኘ”፣ “ዘንድሮ አልተዘጋጀንም” የሚሉት መልሶች ማንንም አያዋርዱም። ጠያቂው ራሱ በቦታው የለምና አያፍርም። ሽማግሎቹም የሄዱት ለራሳቸው አይደለም። ስለዚህ ነገሩ ቢቀር እንኳ ሁለቱ ቤተሰቦች በማግስቱ በገበያ ሲገናኙ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ጉድለቱ ይህ ሁሉ መከለያ የተሠራው ለቤተሰቦች ክብር እንጂ ለልጅቱ ፈቃድ አለመሆኑ ነው።

ሕጉም ለረጅም ጊዜ ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መተጫጨትን በአንቀጽ 560 የሁለት ቤተሰቦች ውል አድርጎ ተርጉሞታል። የጋብቻንም ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 አድርጎት ነበር። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ስለ መተጫጨት የሚናገረውን ክፍል ተወው፤ ዕድሜውንም ለሁለቱም 18 አደረገው። ለጋብቻ የሚጠይቀው የተጋቢዎቹን ነጻና ሙሉ ፈቃድ ነው። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። በሕግ ዓይን ሲታይ እንግዲህ ጥያቄው ከአባት ደጅ ወደ ልጅቱ ተዛውሯል ማለት ነው።

“ሰው የሌለበት ቦታ” የሚለው ሐረግ ግን በእኛ ታሪክ ጣፋጭ ትርጉም ብቻ የለውም። ውሃ ልትቀዳ የወረደች፣ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ የምትመለስ ልጃገረድ የምትጠለፈው ሰው በሌለበት መንገድ ላይ ነበር። ከጠለፋው በኋላም ሽማግሌ ይላካል፤ ጥያቄው ግን ከመጠየቁ በፊት ተመልሷል። በ1949 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ቢከለክልም፣ የተጠለፈችው ሴት ጠላፊውን ለማግባት ከተስማማች ክሱ ይቀር ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን ቀዳዳ ዘጋው፤ በጋብቻ ስም የሚፈጸም ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል፤ ጋብቻው መፈጸሙም ከቅጣት አያድንም። ስለዚህ አንዲት ሴት ከአንድ ወንድ ጋር ጭር ወዳለ ውሃ ዳር በፈቃዷ ሄዳ፣ “አይሆንም” ብላ፣ በሰላም ወደ ቤቷ መመለስ መቻሏ ቀላል ነገር አይደለም። እናቶቻችን ሁሉ ያላገኙት ነጻነት ነው።

ውሃ ዳር ለፍቅር መመረጡስ? ይህ እንኳ ከፊልም ብቻ አልመጣም። በጥምቀት ታቦታቱ ወደ ውሃ ሲወርዱ ልጃገረዶች ያላቸውን አሳምረው ይለብሳሉ፤ “ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ” መባሉም ለዚህ ነው። ጎረምሳውም ዓይኑ ወዳረፈባት ልጅ ሎሚ ይወረውራል። ሎሚው ጥያቄ ነበር፤ ጠያቂውም ልጁ ራሱ፣ ተጠያቂዋም ልጅቱ ራሷ ነበረች። ከሽማግሌው በፊት ትንሽ የግል ጥያቄ የሚያልፍባት በር ነበረች ማለት ነው።

የባሕሩ ነገር ግን ሌላ ታሪክ አለው። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች ወዲህ፣ ባሕር ለማየት የሻተ ኢትዮጵያዊ ወደ ምጽዋ ይወርድ ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም ነጻ መንግሥት ስትሆን ያ ዳርቻ ከኢትዮጵያ ወጣ። ደግሞም ምጽዋ በቀይ ባሕር ምዕራብ ዳር ያለች ከተማ ናት፤ በዚያ ፀሐይ ከባሕሩ ትወጣለች፣ የምትጠልቀው ግን ከደጋው ተራራ ጀርባ ነው። ዛሬ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ወደ ባሕር የሚወስደው መንገድ በመስከረም 2009 ዓ.ም የተመረቀው የባቡር ሐዲድ ሲሆን፣ ከለቡ ጣቢያ ተነሥቶ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጅቡቲ ይደርሳል። ይህ ለአንድ ምሽት ጥያቄ የሚሆን ጉዞ አይደለም።

ባሕር ሲርቅ ሐይቅ ቀረበ። ከደቡብ አዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው የቢሾፍቱ ሐይቆች ከሁሉ ቅርብ ናቸው። እሳተ ገሞራ በቆፈራቸው ጎድጓዶች ውስጥ ስለ ተኙ ግን፣ ከታች ከውሃው ዳር የቆመ ሰው ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ በገደሉ አፋፍ ትጋረድበታለች፤ ጥሩው ቦታ ከላይ ከአፋፉ ላይ ነው። ፀሐይዋን ውሃው ላይ ስትወርድ ማየት የፈለገ ሐዋሳ ይሂድ። ከተማዋ ያለችው በሐይቁ ምሥራቅ ዳር ነውና። እዚያ ያለውን የሐይቅ ዳር መናፈሻ ሕዝቡ “ፍቅር ሐይቅ” ብሎ መጥራቱም ያለ ነገር አይደለም። በእነዚህ ሐይቆች አካባቢ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው በ12 ሰዓትና በ1 ሰዓት መካከል ነው፤ ከጠለቀች በኋላም ብርሃኑ ከ20 ደቂቃ ብዙም አይዘልቅም። ረጅም ንግግር ያዘጋጀ ሰው ጨለማ ይቀድመዋል።

ከውጭ የመጣው እንግዲህ የቱ ነው? መንበርከኩና የአልማዙ ቀለበት ነው። አልማዙም ቢሆን በፈረንጅ አገር ያን ያህል ጥንታዊ አይደለም፤ ዲ ቢርስ የተባለው የአልማዝ ኩባንያ በአሜሪካ ማስታወቂያውን ያጧጧፈው እ.ኤ.አ ከ1938 ወዲህ ነው። በእኛ ዘንድ ወርቅ ይበቃል። ይልቅ መመርመር ያለበት ከዚሁ ጋር የመጣው የማስደነቅ ልማድ ነው። በምግብ ቤት መካከል፣ ጓደኛ ተሰብስቦ፣ ስልክ ሁሉ ተደግኖ የሚቀርብ ጥያቄ ጥያቄ መሆኑ ያጠራጥራል። በዚያ ጭብጨባ መካከል “ላስብበት” ማለት የምትችል ምን ያህል ደፋር ናት? ሽማግሎቹ የሰጧት እንኳ ቀጠሮ ነበር፤ ይህ ግን ቀጠሮም የለውም።

ስለዚህ ሰዋራውን ሐይቅ ዳር የመረጠው ወጣት ከሕዝብ ፊት ከጠየቀው ይልቅ ለአባቶቹ ብልሃት ይቀርባል። ምስክር ስለሌለ እምቢታው ማንንም አያዋርድም። ዕቅዱ ግን በአበባና በሻማ ብቻ አይለቅ። የት እንደምትሄድ እሷ ትወቅ፤ ከቤተሰቧም አንድ ሰው ይወቅ። መመለሻው አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ መልሷ ምንም ይሁን ምን በዚያው ምሽት ወደ ቤቷ የምትገባበት መኪና ይኑር። ሐዋሳን የሚያህል ሩቅ ቦታ ከሆነም የምታድርበትን እሷ ትምረጥ። “ላስብበት” ካለችም ዘመድ ይመከርበት እንደነበረው ሁሉ ጊዜ ይሰጣት።

እሺ ካለች በኋላ ደግሞ ሽማግሎቹ አልቀሩም። በብዙ የአዲስ አበባ ቤት ዛሬም ከቀለበቱ ቀጥሎ ሦስት ሰዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ይሄዳሉ፣ ቆመውም “ልጃችሁን ለልጃችን” ይላሉ። ቃሉ የድሮው ነው። ልዩነቱ አባትየው መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ ልጁ ዞር ብሎ ማየቱ ነው፤ እሷም ምን እንደምትል አስቀድማ ታውቃለች።