ውርስ ሥሪት

በአንድ አገር ቴሌቪዥን ታይቶ የተወደደ ድርሰት በሌላ አገር ተዋንያን፣ በሌላ ሕዝብ ልማድና አነጋገር እንደ ገና ሲሠራ እንግሊዞች «ሪሜክ» የሚሉትን፣ እኛ «ውርስ ሥሪት» ብንለው የተገባ ይመስለኛል። «ድጋሚ» የታየው ዝግጅት እንዳለ ተመልሶ ሲቀርብ የምንጠራበት ቃል ነው፤ «ቅጂ» ማለትም የሁለተኛውን አዘጋጅ ድካም ከንቱ ያደርገዋል፤ የቴአትር ሊቃውንቶቻችን ግን ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከሞልየር ወደ አማርኛ እንዳመጣው ያለውን ሥራ «ውርስ ትርጉም» ሲሉት ኖረዋልና ጥርጊያው አስቀድሞ ተዘጋጅቷል።

ወራሽ የተረከበውን ሀብት እንደ ገዛ ገንዘቡ የማዘዝ ሥልጣን አለው፤ ይህም ሥልጣን ምን ያህል እንደሚጠቅም «ሁዝ ዘ ቦስ» የተባለው የአሜሪካ ሲትኮም በብሪታንያ ያገኘው ዕድል ያስረዳል። ቤዝቦል ተጫዋች የነበረ፣ ሴት ልጁን ብቻውን የሚያሳድግ አባት፣ በማስታወቂያ ሥራ ከፍ ያለ ማዕርግ ባላት ሴት ቤት ተቀጥሮ ጓዳውን ሲያስተዳድር የሚታይበት ይህ ድርሰት፣ በ1990 እ.ኤ.አ. በአይቲቪ «ዚ አፐር ሃንድ» ተብሎ በተወረሰ ጊዜ፣ ጆ ማክጋን የተጫወተው አባት የቀድሞ እግር ኳስ ተጫዋች ሆነ፤ ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው ግን፣ አሜሪካውያን እስከ ፍጻሜው ሳያጋቧቸው የተዉአቸውን ሁለቱን ሰዎች ብሪታንያውያን በጋብቻ ማስተሳሰራቸው ነው። ድርሰቱ እስከ 1996 ዘልቆ 94 ክፍል ደረሰ።

በማያሚ በአንድ ቤት የሚኖሩ የአራት በዕድሜ የገፉ ሴቶች ታሪክ የሆነው «ዘ ጎልደን ገርልስ» ግን በ1993 «ብራይተን ቤልስ» ተብሎ ወደ ብሪታንያዋ ከተማ ወደ ብራይተን ሲሻገር፣ ሺላ ሃንኮክንና ዌንዲ ክሬግን የመሰሉ የተከበሩ ተዋንያት ቢሰለፉም፣ ሕዝቡ የአሜሪካውን በቻናል ፎር አይቶ ያፈቀረው በመሆኑ፣ አዲሱም ከፊተኛው ጽሑፍ እምብዛም ስላልራቀ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመርሐ ግብሩ ወጣ።

ቃሉ በተቃራኒው ጉዞም ያገለግላል፤ በ1971 የተጀመረው የአሜሪካ «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» የብሪታንያው «ቲል ዴዝ አስ ዱ ፓርት» ውርስ ሥሪት ነው። በአማርኛ ድምፅ የሚቀርቡልን የቱርክ ተከታታይ ድራማዎች ግን በዚህ ስም አይጠሩም፤ የተለወጠው ልሳኑ እንጂ ተዋንያኑም ከተማውም የቀድሞዎቹ ናቸው።