ከአንኮበር ቁልቁል

ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደውን የድሮ የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ በእግሬ የሄድሁት በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ጥምቀት ካለፈ በሳምንቱ ነው። ለጉዞው ያነሣሣኝ ግን የሸዋ ታሪክ አልነበረም። ጃፓን ውስጥ ስለሚገኝ አንድ መንገድ ያነበብሁት ነገር ነው። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ካላልሁ በቀር ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።)

መንገዱ ናካሴንዶ ይባላል፤ በተራሮች መካከል የሚያልፍ መንገድ እንደ ማለት ነው። የቶኩጋዋ ገዥዎች በ17ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ያደራጁት ሲሆን፣ የዛሬዋን ቶኪዮ፣ የያኔዋን ኤዶ፣ ከኪዮቶ ጋር ያገናኛል። ርዝመቱ 530 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ 69 ማረፊያ ከተሞች ነበሩ፤ በየከተማው ለመንግሥት መልእክተኛ የሚለወጥ ፈረስ፣ ለሸክም የሚጠራ ሰው፣ ለእግረኛ ማደሪያ፣ ለመሳፍንት ደግሞ የተለየ ቤት ይዘጋጃል። በየአራት ኪሎ ሜትሩ ገደማ በመንገዱ ግራና ቀኝ የአፈር ጉብታ ተሠርቶ ዛፍ ተተክሎበታል። ፊደል ያልቆጠረ መንገደኛም ቢሆን ዛፉን እየቆጠረ የሄደውንና የቀረውን ያውቃል። ይህን ሳነብ ቀናሁ፤ ያደግሁበት አገር ርቀት የሚነገረው «ያችን ዳገት ካለፍህ በኋላ ነው» እየተባለ ነውና፣ ዳገቷን ስታልፍ ሌላ ዳገት ይጠብቅሃል።

በ1911 የባቡር ሐዲድ የኪሶን ሸለቆ አቋርጦ ሲያልፍ እነዚህ ከተሞች ባዶ ቀሩ። ወጣቱ ወደ ፋብሪካ ሄደ፤ ቤቱ ማዘንበል ጀመረ። ከመካከላቸው ጹማጎ የምትባለው ግን በ1968 የአሮጌ ቤቶቿን ጥገና ጀመረች፤ በ1971 ነዋሪዎቿ ሦስት ነገር ተማማሉ፤ አንሸጥም፣ አናከራይም፣ አናፈርስም። የኤሌክትሪክ ሽቦው ከዓይን ተሰወረ፤ መኪና በቀን በዋናው ጎዳና እንዳያልፍ ተከለከለ። ዛሬ ከማጎሜ እስከ ጹማጎ ያለውን 8 ኪሎ ሜትር በእግሩ ለመሄድ ሰው ከዓለም ዳርቻ ይመጣል።

እኔ የጉኑኖ ልጅ ነኝ፤ በወላይታ ዞን የዳሞት ሶሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በወላይትኛ መንገድ «ኦጊያ» ይባላል። በልጅነቴ ኦጊያ ማለት እናቶቻችን የገበያ ሸክም ተሸክመው የሚመላለሱበት፣ በክረምት ጎርፍ የሚቦረቡረው፣ በበጋ አቧራው ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ቀይ መሬት ነው። ጉኑኖ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀችውም በአፈሯ ነው፤ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የአፈር ጥበቃ ተመራማሪዎች ዝናብ ከማሳ የሚያጥበውን አፈር እየመዘኑ ካጠኑባቸው የአገራችን ጥቂት ቦታዎች አንዷ ናት። እኛ ዘንድ የእግር መንገድ ሲያረጅ ቦይ ይሆናል፤ ሰውም ትቶት ከጎኑ ሌላ ያበጃል። መንገድን እንደ ታቦት ወይም እንደ ብራና መጽሐፍ ጠብቆ ማቆየት የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። እንግዲህ «የእኛ ናካሴንዶ የቱ ነው?» ብዬ ስፈልግ ያገኘሁት ይህንን የአንኮበሩን መንገድ ነው።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከ1813 እስከ 1847፣ ይህ መንገድ የሸዋ ጉሮሮ ነበር። ከአንኮበር ተነሥቶ በአልዩ አምባና በፋሪ በኩል ወደ አፋር ቆላ ይወርድና ወደ ታጁራና ወደ ዘይላ ያመራል። ሽቅብ የሚመጣው ከአሳል ሐይቅ የተጫነ ጨው፣ ጨርቅ፣ ዶቃ፣ ቆይቶም ጠመንጃ ነው። ቁልቁል የሚወርደው ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ዝባድ፤ ከዚህም ጋር ሰው። በሩን የሚጠብቀው ወላስማ የሚል የውርስ ማዕርግ ያለው የኢፋት ገዥ ነበር፤ የንጉሡ ዘመዶች ዙፋን እንዳይመኙ ታስረው የሚኖሩበት የጎንቾ ወህኒም በእሱ እጅ ነበር። አልዩ አምባ ደግሞ የደጋው በቅሎና የቆላው ግመል የሚገናኙባት ከተማ ናት። ግመል ያንን ዳገት አይወጣውም፤ ስለዚህ ጭነት እዚያ ይራገፋል፣ ይለወጣል፣ ይቀረጣል። አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሪው፣ የሸዋው ባላገር በዓርብ ገበያዋ ይተያያሉ። በ1842 ቻርልስ ጆንስተን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ወራት የተቀመጠባት፣ ስለ ኑሮዋም ከሌሎቹ ሁሉ አብዝቶ የጻፈላት ይህችው ናት። ለእኔ ከአምባሳደሩ ከሐሪስ ጉራ ይልቅ የጆንስተን ጽሑፍ ይጥመኛል፤ ሐሪስ ከአጋፋሪዎች መካከል ሆኖ ሲያይ፣ ጆንስተን ከጎረቤት ጋር ተቀምጦ ያያልና።

ኤዶ እንደ ሠራችው ያለ የማረፊያ ሥርዓት ሸዋ አልነበራትም። የነበራት ድርጎ ነው። የንጉሡ እንግዳ በደረሰበት ሁሉ እንጀራው፣ ማሩና በጉ ከባላገሩ ይወጣል፤ ዕቃውንም ባላገሩ ከመንደር መንደር እየተቀባበለ ይሸከማል። በ1841 የሐሪስ መልእክት ለሣህለ ሥላሴ ስጦታ ይዞ ሲመጣ ሣጥኖቹን ዳገቱን ያወጡት በመቶ የሚቆጠሩ የኢፋት ሰዎች ናቸው። መድፍም ነበረበት።

እኔ የያዝሁት አንድ የጀርባ ቦርሳ ብቻ ነበር። በማለዳ የአንኮበር ብርድ አጥንት ይሰብራል። ባሕር ዛፉን አልፌ ቁልቁሉን ስጀምር ከፊቴ ያለው ዓለም በጭጋግ ተሞልቶ ባሕር መስሎ ነበር፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ጭጋጉ እየሳሳ ከጉብታ በታች ጉብታ፣ ከዚያም በታች የአፋር ሜዳ ብቅ አለ። መንገዱ አንዳንድ ቦታ በድንጋይ የተረገጠ ደረጃ ነው፤ የስንት ሰኮናና የስንት ባዶ እግር አለስልሶት እንደሆነ እንጃ፣ ጫማዬ ይንሸራተትበታል። ጉልበት የሚያልቀው ሽቅብ እንጂ ቁልቁል አይደለም የሚል ሰው እዚያ ይሂድ። ጥቂት ሰዓት ከሄዱ በኋላ ጋቢ ይወልቃል፤ የገብስ ማሳ ወደ ማሽላ አገዳ ይለወጣል፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲርቅ የመስጊድ ጥሪ ይቀርባል። ሽቅብ የሚመጡ ሰዎች «መኪና እያለ?» እያሉ እየሳቁብኝ ያልፋሉ። እውነታቸውን ነው፤ መኪና የሚሄድበት መንገድ በሌላ በኩል አለ፤ በእግር የሚወርደው ወይ ቸኩሎ አቋራጭ የፈለገ ነው፣ ወይ ገንዘብ የሌለው፣ ወይ እንደ እኔ ያለ መጽሐፍ ያሳበደው።

አልዩ አምባ በስሟ እንዳለው በአምባ ላይ ተዘርግታለች። የሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ተተክቷል። ባቡር የኪሶን ከተሞች እንደ ገደላቸው፣ ይህችንም የገደላት ባቡር ነው። በእርግጥ ሕመሙ ቀደም ብሎ ነው የጀመረው፤ ገጣሚው አርተር ራምቦ በ1887 ከታጁራ ጠመንጃ ጭኖ፣ በረሓውን አቋርጦ አንኮበር ሲደርስ ምኒልክን አላገኘም። ንጉሡ በሐረር ዘመቻ ላይ ነበሩ፤ ራምቦም ሒሳቡን በኋላ እንጦጦ ተከራክሮ የተመለሰው በሐረር በኩል ነው። ባለቅኔው ሳያውቀው የመንገዱን ሞት አይቷል። ከዚያ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ ከባሕር ለሚመጣ ዕቃ አልዩ አምባ ከመንገድ የወጣች ቦታ ሆነች።

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ከአልዩ አምባ ብዙ ሳይርቅ አብዱል ረሱል የሚባል መንደር ነበር፤ የውጭ ተጓዦቹ የሸዋ የባሪያ ገበያ ብለው የጻፉት እሱን ነው። ከጉራጌ፣ ከእናርያ፣ ከከፋ፣ ከዚያም ወዲያ ካለው የደቡብ አገር የተፈነገለ ሰው በየረር አጠገብ በነበረው በሮጌ ገበያ በኩል ወደ ሸዋ ይገባል፤ ገሚሱ በሸዋ ቤት ይቀራል፤ ገሚሱ በዚህ ድንጋይ ደረጃ ወርዶ ወደ ባሕር፣ ከባሕሩ ማዶ ወደ ዐረብ አገር ይሻገራል። ጫማዬ የተንሸራተተበትን ድንጋይ ካለሰለሱት እግሮች መካከል የእነዚህ ልጆች እግር አለበት። በሸዋ ቤተ መንግሥት ሚሲዮናዊው ክራፕፍ ዲልቦ የሚባል የእናርያ ተወላጅ አግኝቶ ነበር። ዲልቦ ባሪያ ነው። ክራፕፍ ስለ ከፋና ከዚያ ወዲያ ስላሉ አገሮች ከጻፈው ብዙው የዚህ ሰው ቃል ነው። ፈረንጆቹ ያን ጊዜ ደቡቡን በእግራቸው አልረገጡትም፤ ያወቁት እንደ ዕቃ ተነድቶ በመጣ ሰው ትዝታ ነው። ሰውዬው የተነዳበትን አገር ወንዝ በወንዝ፣ ገበያ በገበያ ያስታውሳል። ይህን ሳስብ የጃፓኖቹ የዛፍ ምልክት ትዝ አለኝ። ዲልቦ የቆጠረው ምን ይሆን?

እኔ ወላይታ ነኝና ይህን ነገር እንደ ሩቅ ታሪክ ላነበው አልቻልሁም። የንጉሥ ጦና አገር በ1894 በምኒልክ ጦር ሲወድቅ ዘመቻውን የተከተለው ፈረንሳዊው ቫንደርሄይም ምርኮኛና ከብት ሲከፋፈል አይቶ ጽፏል። በዚያን ጊዜ የአገሩ ዋና ከተማ አዲስ አበባ ናት፤ የእኛዎቹ የሄዱት በሌላ መንገድ ነው። ደግሞም የወላይታ ነገሥታት ራሳቸው ባሪያ ነበራቸው፤ ይህን ሳይጠቅሱ ሸዋን ብቻ መውቀስ ሐቀኝነት አይደለም። የባሪያ ንግድ በ1924 ዐዋጅ ተገደበ፣ ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሻረው ግን በ1942 ነው። ይህ ሩቅ ዘመን አይደለም። በልጅነቴ የማውቃቸው ሽማግሌዎች ያን ጊዜ ሰው ነበሩ።

ከመስጊዱ ጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ አዛውንት ሰላም ስላቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ከየት ነህ ልጄ?»

«ከወላይታ ነኝ፣ አባባ። ጉኑኖ ከምትባል ከተማ።»

«ሩቅ ነው። ምን ፈልገህ መጣህ?»

የድሮውን መንገድ ለማየት መምጣቴን ነገርኋቸው። ስለ ጨውና ስለ ግመል አጫወቱኝ፤ ከአያታቸው የሰሙትን። ስለ ሌላው ገበያ ስጠይቃቸው ግን ጥቂት ዝም ብለው መቁጠሪያቸውን አሻሹ። «ሲባል ሰምቻለሁ» አሉ። «ሰው ይሸጥ ነበር ይላሉ። አላህ ይቅር ይበል። ስለሱ መጥቶ የጠየቀኝ ሰው ግን የለም፤ አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

ጃፓኖቹስ ይህን እንዴት አድርገውታል? በናካሴንዶ ላይ ሰው አልተሸጠም ይሆናል፤ ነገር ግን የማረፊያ ከተሞቹ ፈረስና ተሸካሚ ሲያንሳቸው በዙሪያው ያሉ መንደሮች በግዴታ እንዲያዋጡ ይደረግ ነበር። ይህ ግዴታ በከበደ ጊዜ፣ በ1764 መጨረሻ፣ የመንገዱ ዳር ገበሬዎች በብዙ ሺሕ ተነሥተው ወደ ኤዶ ዘምተዋል። በ1861 ልዕልት ካዙኖሚያ ለጋብቻ በዚህ መንገድ ስታልፍ የሰልፉ ብዛት ሸለቆውን አራቁቶታል። የማጎሜው ተወላጅ ሺማዛኪ ቶሶን ከ1929 እስከ 1935 ባሳተመው ታላቅ ልቦለዱ ይህን ሁሉ አስገብቶታል፤ ዋናው ገጸ ባሕሪ በአባቱ አምሳል የተቀረጸ የማረፊያ ከተማ ሹም ነውና፣ ከላይ ትእዛዙን ተቀብሎ ከታች ገበሬውን የሚጠራ እሱ ነው። ስለዚህ ጹማጎ የሚሄድ ሰው ቤቶቹን ካየ በኋላ ሸክሙን ማን ይሸከም እንደ ነበር የሚነግረው መጽሐፍ አለው። ቤቱን ያዳኑት የከተማዋ ሰዎች ናቸው፤ ጩኸቱን ያዳነው ግን ደራሲው ነው ብል አልተሳሳትሁም።

አንኮበር ላይ የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ከፍርስራሽ ተነሥቶ፣ በቀድሞው አምሳል የእንግዳ ማረፊያ ተደርጎ ተሠርቷል። ይህን አልነቅፍም፤ ጹማጎም የፈረሰውን የመሳፍንት ማረፊያዋን በድሮው ንድፍ መልሳ የሠራችው በ1995 ነው። ቤቱ መሠራቱ መልካም ነው፤ የሚቆጨኝ መንገዱ ያልታሰበ መሆኑ ነው። ወደ አንኮበር የሚመጣ ጎብኚ ሽቅብ ወደ ንጉሡ ግቢ ይወጣል እንጂ ቁልቁል አይወርድም። ከላይ ሆኖ ቆላውን ያይና «እንዴት ያለ ውበት ነው» ይላል። ውበት ነው። አንድ ቀን አልዩ አምባን ማን እንደሆነ የማላውቀው ሰው «እንጠብቃት» ብሎ ቢነሣ፣ ከጥንት ቤትና ከሸማኔ ጉድጓድ በፊት የድንጋይ ደረጃውን እንዲያስብ፣ የዲልቦንም ስም በአንዱ ድንጋይ ላይ እንዲያስጽፍ እለምነዋለሁ። ልቦለዱን የሚጽፈው ደግሞ ከዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች አንዱ ይሁን።

ከሰዓት በኋላ ሽቅብ ስመለስ ከአንዲት እናትና ከአህያዋ ጋር ገጠምሁ። አህያዋ ሁለት ከረጢት ጭናለች። «ምን ይዛችሁ ነው የምትወጡት፣ እናቴ?» አልኋት።

«ጨው ነዋ» አለች፤ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል በሚል ድምፅ፤ ከዚያ ዳገቱ ሲጠና የእኔን ቦርሳ ተቀብላ በጨው ከረጢቱ ላይ ደረበችው።