የኢማም አህመድ ጦርነት በየዘመኑ በምን ዓይን ታየ?

ኢማም አህመድ ኢብራሂም አል-ጋዚ (ረሒመሁላህ) የዘመቱባት የአዳል መዲና ሐረር ከኛዋ ድሬዳዋ ብዙም አትርቅም። ከ1529 እስከ 1543 የዘለቀው ጦርነታቸው ዛሬም በበርጫውም በፌስቡኩም ሲነሳ ሰው ያጋጫል። አንዱ "ጂሃድ ነበር" ይላል፤ ሌላው "ወረራ ነበር" ይላል። በመምህርነት በቆየንባቸው ዓመታትም ተማሪዎች "እውነቱ የቱ ነው?" እያሉ ይጠይቁን ነበር። መልሱን ከማግኘታችን በፊት ሰዎች ጦርነትን በየዘመኑ እንዴት ይመለከቱት እንደነበር ማወቅ ይኖርብናል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአላህ ፍርድ ተደርጎ በታየበት ዘመን

ጦርነቱ በ1529 ድንገት የፈነዳ አይደለም። አፄ ዓምደ ጽዮን በ1332 በሙስሊም ግዛቶች ላይ ያካሄዱትን ዘመቻ የግዕዙ ዜና መዋዕል የሃይማኖት ድል አድርጎ ተርኮታል። ቆየት ብሎም አሚር መሕፉዝ በደጋው ላይ በተደጋጋሚ ዘምተው በመጨረሻ በውጊያ ተገድለዋል።

ኢማም አህመድ በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ የአፄ ልብነ ድንግልን ሠራዊት አሸነፉ። የዘመኑ ጸሐፊ ሺሃቡዲን አህመድ (አረብ ፈቂህ) ፉቱሑል ሐበሻ በተሰኘው ኪታቡ ዘመቻውን ጂሃድ፣ የወደቁትን ሸሂድ ብሎ ዘግቧል። የክርስቲያኑ ወገን ጸሐፊዎች ደግሞ ያንኑ ዘመቻ ስለ ኃጢአት የመጣ የፈጣሪ ቁጣ አድርገው አዩት። ታሪኩ ቢለያይም መነጽሩ አንድ ነበር፤ ሁለቱም ድልንና ሽንፈትን የሰማይ ፍርድ አድርገው ያነቡ ነበር።

መሬት ላይ ያለው ጉዳይ ግን ከሁለቱ ወገኖች አልፎ ነበር። በ1541 ወደ 400 የሚጠጉ ፖርቹጋሎች ጠመንጃ ይዘው ለንጉሡ ደረሱ፤ ኦቶማኖችም ለኢማሙ ጠመንጃ ያዥ ወታደሮችን ላኩ። ኢማሙ በ1543 ወይና ደጋ ላይ ወደቁ።

ወደ ሰው ሥራ መለስ ሲባል

ከጦርነቱ ሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ1593 ገደማ፣ አባ ባሕርይ የተባሉ መነኩሴ ስለ ኦሮሞዎች ባዘጋጁት ጽሑፍ "ብዙ ሆነን ሳለ ለምን ተሸነፍን?" የሚለውን የሊቃውንት ጥያቄ አንስተዋል። የኃጢአት ቅጣት ነው የሚሉ መኖራቸውን ጠቅሰው ሌላ ምክንያትም አቀረቡ። በእነርሱ ዘንድ ሕዝቡ በአሥር ወገን ተከፍሎ የሚዋጋው አንዱ ወገን ብቻ ሲሆን፣ በኦሮሞዎቹ ዘንድ ግን ሁሉም ይዋጋል። እዚህ ላይ ጦርነት በማኅበረሰብ አደረጃጀት ሲተነተን እናያለን።

የቅርብ ዘመን የታሪክ ምሁራንም በዚህ መንገድ ርቀው ሄደዋል። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1972 ባሳተሙት መጽሐፍ የደጋው መንግሥትና የሙስሊም ሱልጣኔቶች ፍጥጫ ወደ ዘይላ ከሚወስደው የንግድ መስመር ጋር የተሳሰረ እንደነበር አሳይተዋል። ይህ ማለት እምነት ቦታ አልነበረውም ማለት ሳይሆን፣ እምነት ብቻውን ሁሉንም አያብራራም ማለት ነው።

በድንበርና በባንዲራ ዘመን

በ1977 የሶማሊያ ጦር እስከ ከተማችን ድሬዳዋ ዘልቆ በነሐሴ ወር ውጊያ ተካሄደ፤ ጦሩም ከተማዋን መያዝ ሳይችል ቀረ። በዚያ ጦርነት ሙስሊሞች በሁለቱም በኩል ተሰልፈዋል፤ ሁለቱም መንግሥታት ሶሻሊስት ነን ይሉ ነበር። የጦርነቱ ቋንቋ ድንበርና እናት አገር ሆነ።

የኢማሙ ስምም አብሮ ተለወጠ። "ግራኝ" በአማርኛ፣ "ጉሬይ" በሶማሊኛ ትርጉማቸው አንድ ነው፤ ግራ እጁን የሚጠቀም ማለት ነው። ያው ቅጽል በአንዱ አፍ የጥፋት፣ በሌላው አፍ የብሔራዊ ጀግና መጠሪያ ሆኗል።

የማይለወጠው ሚዛን

ሰዎች ለጦርነት የሚሰጡት ስም ቢለዋወጥም ዲናችን ያስቀመጠው ወሰን አልተለወጠም። ሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 190 የሚዋጓችሁን ተጋደሉ ካለ በኋላ ወሰን ማለፍን ይከለክላል። አቡበክር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ለዘመተው ጦር ሴት፣ ሕፃንና አረጋዊ እንዳይገደል፣ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ እንዳይቆረጥ፣ ለአምልኮ የተገለሉ መነኮሳትም እንዳይነኩ ማዘዛቸው ተዘግቧል። የማንኛውንም ወገን ጦር፣ የራሳችንንም ጭምር፣ በዚህ ሚዛን ልንመዝን ይገባል። ገዳማትና ቤተ ክርስቲያናት መቃጠላቸውን ፉቱሑል ሐበሻ ራሱ ስለሚናገር መካድ አያስፈልገንም። ሙስሊሙ በነገሥታቱ ዘመቻ የደረሰበትንም መርሳት አይጠበቅብንም።

አሕባቦች፣ ልጆቻችን ይህን ታሪክ ከእኛ ካልሰሙ ከተሳዳቢዎች ይሰሙታል። ሁለቱንም ወገን አንብበን፣ በየትኛው ዘመን ዓይን እንደተጻፈ ለይተን እናስተምራቸው። የዛሬው ጎረቤታችን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ለሆነው ተጠያቂ አይደለም፤ እኛም አይደለንም። ማንም የሌላውን ኃጢአት እንደማይሸከም በሱረቱል አንዓም አንቀጽ 164 ተነግሮናልና።

ወላሁ አዕለም።