ማን ይለፍ?

ሁለት መኪኖች በጠባብ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ሲገናኙ ማን ይለፍ? ጥያቄው የሾፌሮች ብቻ ይመስላል እንጂ የታሪክ ተማሪም ሊጠይቀው ይገባል። መልሱን በየዘመኑ የሚሰጠው ሌላ ሌላ ነውና።

ባገራችን መንግሥት ባንድ ቀን መልስ የሰጠበት ጊዜ አለ። እስከ ግንቦት 1956 ዓ.ም. ማለቂያ ድረስ መኪና የሚነዳው ግራን ይዞ ነበር። ሰኔ 1 ቀን 1956፣ ሰኞ ዕለት፣ አገር በሙሉ ወደ ቀኝ ዞረ። እስቲ አስቡት! እሑድ ማታ ሕግ የነበረው ሰኞ ጧት ነፍስ የሚያጠፋ ጥፋት ሆነ። ስዊድኖች ይኽንኑ ያደረጉት ከኛ ሦስት ዓመት ዘግይተው፣ በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። እነሱ ገና ሳይነጋ መኪናውን ሁሉ አቁመው፣ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ እንዲሻገር አድርገው፣ ልክ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ለቀቁት።

ታዲያ ግራና ቀኝ የሚሠራው ሁለት መኪና ጎን ለጎን በሚያሳልፍ መንገድ ላይ ነው። ከጅማ በቦንጋ አድርጎ ሚዛን ተፈሪ የሚያደርሰው መንገድ አስፋልት ሳይለብስ በፊት፣ በክረምት ጭቃ ውስጥ፣ የቱ ቀኝ የቱ ግራ ነው? እዚያ የሚሠራው የሾፌሮች ልማድ ነበር። ኩርባ ላይ ክላክስ ይነፋል። ቡና ጭኖ ዳገት የሚወጣው ይለፍ ይባላል፤ ጭቃ ላይ አንዴ ከቆመ ተመልሶ አይነሳማ። ባዶውን የሚወርደው ወደ ኋላ ይመለስለታል። ረዳቱ ታኮውን ይዞ ይዘላል፤ ከኋላ ቆሞ "ና! ና! ትንሽ ወደ ግራ... በቃ!" ይላል። የተበላሸ መኪና ካለ ቅጠል ተቆርጦ መንገዱ ላይ ይጣላል፣ ከሩቅ የሚመጣው አይቶ እንዲጠነቀቅ።

አሜሪካኖች ደግሞ ለማሽን ሊያስተምሩት ተነሡ። በ1939 እ.ኤ.አ. በኒውዮርኩ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ጄኔራል ሞተርስ ራሳቸውን የሚነዱ መኪኖች የሚሄዱበትን የወደፊት ከተማ በትንሹ ሠርቶ አሳየ። በ1997 ደግሞ ነገሩ ከሥዕል ወጥቶ መንገድ ላይ ታየ። ሳንዲያጎ አጠገብ ስምንት ቢዊክ መኪኖች ከ6 እስከ 7 ሜትር ያህል ብቻ ተራርቀው፣ ሾፌሮቹ መሪውን ለቀው፣ ተከታትለው ነጎዱ። መንገዱ ውስጥ የተቀበረው ማግኔት አቅጣጫ ያስይዛቸዋል፤ ርቀታቸውን በራዳርና እርስ በርስ በሬዲዮ በመነጋገር ይጠብቃሉ። በንድፉ መሠረት ሰልፍ ውስጥ መግባት የፈለገ መኪና መሪውን መኪና ፈቃድ ይጠይቃል፤ መሪው ሌላ ጉዳይ ካልያዘ ይፈቅዳል፤ ከዚያ ክፍተት ይከፈታል። አንድ ጊዜ አንድ ጉዳይ ብቻ። እኔ ይኽን ሳነብ የታየኝ ረዳቱ ነው!

ልዩነቱ ወዲህ ነው። የሳንዲያጎው ትርዒት የተደረገው ከሌላው መኪና በተለየ፣ ለብቻው በታጠረ መስመር ላይ ነበር። ስምምነቱን የማያውቅ ማንም አይገባበትም። የመንግሥት ድጋፍ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1998፣ ተቋረጠ። በኛ አገር ለዚያ ዓይነቱ መስመር የሚቀርበው የአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ መንገድ ነው፤ እግረኛና ከብት የለበትም። የሚዛኑ ግን አስፋልት ከለበሰም በኋላ የገበያተኛው፣ የተማሪው፣ የበቅሎውና የባጃጁ መንገድ ነው። ቡና በሚለቀምበት ወራት ወደ በበቃ የሚሄደው ለቃሚ የመንገዱን ጥግ ይዞ በእግሩ ይጓዛል። ሬዲዮ የለውም፤ ፈቃድም የሚጠይቀው የለም። ረዳቱ ግን ከመኪናው ደረጃ ላይ ሆኖ "ዳር ያዝ ወንድሜ!" ይለው ነበር።