እርጋፊ፦ ሩዝ በመኪና ሲታጨድ ለሚጠፋው ፍሬ የሚገባ ስም

ርብና ጉማራ በሚያጠጡት በፎገራ ሜዳ ሩዙ ዛሬም በአብዛኛው በማጭድ የሚታጨድ ቢሆንም፥ በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳ የለመድነው ኮምባይነር ወደ ሩዙም እየቀረበ ሲሄድ፥ መኪናው በማሳ ላይ ጥሎት የሚያልፈውን ፍሬ «የድኅረ ምርት ብክነት» ብሎ መጥራት ተለምዷል። ይህ አጠራር ቋንቋውንም ገበሬውንም ይበድላል። ምርት ማለት በአውድማ ቋንቋ ተወቅቶና ተዘርቶ፥ ከገለባና ከግርድ ተለይቶ የጠራው እህል ነውና፥ ገና ምላጩ አገዳውን ሲነካ መሬት የወደቀ ፍሬ ምርት ሳይሆን ጠፍቷል፤ ታዲያ «ድኅረ» የሚለው የግእዝ ቃል ምኑን ሊከተል ይገባል?

«ኪሳራ» የሚሉም አሉ፤ ከዐረብኛ የመጣ የነጋዴ ቃል በመሆኑ የገንዘቡን መጉደል እንጂ የእህሉን መውደቅ አያሳይም። ከሁሉ የሚቀርበው «ቃርሚያ» ነበር። ነገር ግን ቃርሚያ ሩት በቦዔዝ እርሻ የለቀመችው፥ ኦሪትም ለድኃና ለመጻተኛ እንዲተው ያዘዘችው፥ በለቃሚው እጅ የተሰየመ ክቡር ቃል ነው፤ መኪናው የጣለው ግን በገለባ ተሸፍኖ፥ በጎማ ተረግጦ ጭቃ ውስጥ ይቀራልና ቃራሚ አያገኘውም።

ስለዚህ «እርጋፊ» እንበለው። ገበሬው «አዝመራው ረገፈብኝ» ሲል የአጨዳው ቀን እንዳለፈበት አብሮ መናገሩ ነውና፥ ቃሉ ምክንያቱን በሆዱ ይዟል፤ ሩዝ የፍሬው እርጥበት ከመቶ ከ20 እስከ 25 እጅ ሲሆን ሊታጨድ ይገባዋል፥ ከዚያ በላይ ከደረቀ ዛላውን ወደ ምላጩ የሚያጎነብሰው ተሽከርካሪ ገና ሲነካው ይረግፋል። ከመወቂያው አምልጦ በስተኋላ ከገለባው ጋር የሚወጣው ግን አልረገፈምና «ሾላኪ» ቢባል ይሻላል፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው፥ የመኪናውን ግስጋሴ መግታትና የማዝሪያውን ነፋስ ማለዘብ።

ሁለቱ ስሞች ከተለዩ መለካቱ ይቀላል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የእንጨት ክፈፍ መኪናው ሳይደርስ፥ ደግሞም ካለፈ በኋላ በማሳው ላይ አኑሮ የወደቀውን መቁጠር ነው፤ አንድ ሺህ የሩዝ ፍሬ 25 ግራም ያህል ስለሚመዝን፥ በክፈፉ ውስጥ 400 ፍሬ የተገኘ እንደ ሆነ በሄክታር አንድ ኩንታል መሬት ላይ ቀርቷል ማለት ነው።