ጄን ኮልደንን ፍለጋ

በዚህ መጽሔት ብዙዎቻችን ስለ መምህሮቻችን ጽፈናል። እኔ ደግሞ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ትርፍ ጊዜዬን ስለወሰደችብኝ አንዲት ሴት ላጫውታችሁ። ጄን ኮልደን ትባላለች። የተወለደችው በ1724 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኒው ዮርክ ውስጥ ነው፤ ያኔ አገሩ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበር። በአሜሪካ በሊኔየስ ሥርዓት ዕፅዋትን የመዘገበች የመጀመሪያዋ ሴት እንደሆነች ይነገርላታል።

ስለ እሷ የሚመረምር ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ወንዶች ስለ እሷ የተጻጻፉትን ነው። አባቷ ካድዋላደር ኮልደን ሐኪምና የቅኝ ግዛቱ ሹም ነበር። ላቲን ስለማታውቅ የሊኔየስን ትምህርት ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አስተማራት። ደግ አባት ነው አይባልም? ግን በ1755 ሆላንድ ለነበረው ለግሮኖቪየስ ሲጽፍ፣ ሴቶች በልብስ ውበትና ዓይነት የሚደሰቱ መሆናቸው ለዚህ ትምህርት ያመቻቸዋል ብሎ ነው ያስረዳው። የለንደኑ ፒተር ኮሊንሰን ለሊኔየስ አወድሷት ጽፏል። ሌላው እንግዳ ደግሞ ያደነቀላት አይቧን ነው። በ1756 የሠራችውን አይብ የመዘገበችበት ማስታወሻም ተርፏል፤ እኔ እንኳ ደስ ብሎኛል፣ ያው የመመዝገብ ልማዷ ነዋ።

የራሷ ድምፅ ያለው ግን ለንደን በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በሚገኘው በእጅ የተጻፈ ጥራዝ ውስጥ ነው። በኮልደንሃም፣ በቤተሰቧ ርስት ዙሪያ የሚበቅሉ ከ300 በላይ ዕፅዋትን ገልጻለች፤ የቅጠላቸውንም ቅርጽ በቀለም ነድፋለች። ሥዕሎቹ ተራ ናቸው፣ አላጋንንም። ጽሑፉ ግን ሌላ ነው። ክሌማቲስ ጋ ስትደርስ (የኛ የአዞ ሐረግ ዘመድ ነው) ወንዴ አበባ ብቻ የሚያወጡ ተክሎች እንዳሉ ሊኔየስ እንዳላስተዋለ ትጽፋለች፤ እሷ ግን ተጠንቅቃ ስላየችው እንደማትጠራጠር ትጨምራለች። በሌላም ተክል ላይ እንዲሁ ይቅርታ ጠይቃ ከእሱ ትለያለች። ላቲን የማታውቅ የገጠር ልጅ በዘመኑ ትልቁን ሊቅ ስታርም አስቡት!

ስም በማውጣቱ ግን አልተሳካላትም። ለአንድ የረግረግ ተክል፣ ለቻርልስተኑ ሐኪም ለአሌክሳንደር ጋርደን መታሰቢያ፣ ጋርዴኒያ የሚል ስም አወጣች። ስሙ ግን በጆን ኤሊስ አሳሳቢነት ለሌላ ተክል ተሰጠ፤ በአገራችን ቆላም የምናውቀው የጋርዴኒያ ወገን በዚያው ስም ይጠራል። ኤሊስ በ1758 ሌላ ተክል በእሷ ስም ኮልደኔላ እንዲባል ሊኔየስን ቢጠይቅም አልተቀበለውም። ኮልደኒያ የሚባል ወገን አለ፤ እሱ የአባቷ መታሰቢያ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ያቆየኝ ስለ መድኃኒትነታቸው የጻፈችው ነው። አንዱን ሥር ለሆድ ቁርጠት ፍቱን ነው ትልና፣ መድኃኒቱ ከአንድ የካናዳ ህንዳዊ የተገኘ መሆኑን ትመዘግባለች። የሰውየው ስም የለም። ሌሎቹን ከባላገሩ ሰምታለች፤ የነሱም ስም የለም። አባቷ ባሪያ አሳዳሪ እንደነበረም መርሳት የለብንም፤ እሷ ሜዳ ለሜዳ ስትዞር የቤቱን ሥራ እነማን ይሠሩ እንደነበር አንባቢ ይገምት። እሷን ከተረሱት መካከል ስንፈልግ፣ እሷም ሳትጽፋቸው ያለፈቻቸው ከጎኗ ቆመው ይታዩኛል። እኛስ በመስክ ሥራ ጊዜ፣ የተክሉን የአገር ስም የነገሩንን እማማ በስማቸው የመዘገብነው ስንቶቻችን ነን?

በ1759 ዊልያም ፋርኩሃር የሚባል ሐኪም አገባች። ከዚያ በኋላ ስለ ዕፅዋት የጻፈችው ነገር አይገኝም። በ1766 በ41 ዓመቷ ሞተች፤ አንድ ልጇም በዚያው ዓመት ሞተ።

ጥራዙ ከዚያ ዞሯል። ለእንግሊዝ ሊዋጋ የመጣ ጀርመናዊ መኮንን፣ ዋንገንሃይም የሚባል የደን አዋቂ፣ ወደ አገሩ ወሰደው፤ በኋላም ከጆሴፍ ባንክስ እጅ ገባ፤ ለንደን የቀረውም በዚህ መንገድ ነው። ከፊሉ መጽሐፍ ሆኖ የታተመው በ1963 ነው፤ ያሳተሙትም ባደገችበት አካባቢ የአትክልት ወዳጆች ማኅበር አባላት ናቸው፤ 57 ተክሎችን መርጠው።