ከሁለቱ ወዳጆች ጀርባ

ሁለት ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለ ሞት ያወጋሉ። አንደኛው ቲሞቲ ሊሪ ነው፤ ካንሰር ይዞት የቀረው ዕድሜ በወራት የሚቆጠር። ሁለተኛው ሪቻርድ አልፐርት፣ ኋላ ራም ዳስ የተባለው ነው። «ዳይንግ ቱ ኖው» የተባለው የጌይ ዲሊንግሃም ዘጋቢ ፊልም (2014፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዚህ ጭውውት ላይ ቆሞ የሁለቱን ሕይወት ይተርካል። ወጉ ልብ ይነካል። ሞትን ሲስቁበት ስናይ እኛም ፈገግ ማለታችን አልቀረም።

ታሪኩ ባጭሩ ይኸ ነው። ሁለቱም የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና መምህራን ነበሩ። ሊሪ በነሐሴ 1960 ሜክሲኮ ውስጥ፣ ኩዌርናቫካ ላይ፣ አእምሮን የሚለውጠውን እንጉዳይ ቀመሰ፤ ተመልሶም ከአልፐርት ጋር ምርምር ጀመረ። በ1963 ሁለቱም ከዩኒቨርሲቲው ተባረሩ። ሊሪ የሂፒዎች ሰባኪ ሆነ። አልፐርት በ1967 ሕንድ ሄዶ ከኒም ካሮሊ ባባ እግር ሥር ተቀመጠ፤ ስሙንም ያገኘው ከሳቸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ከነከነን። ለመሆኑ እንጉዳዩ ከማን ቤት ወጣ?

ሁዋውትላ ዴ ሂሜኔስ በምትባል የሜክሲኮ ተራራማ ከተማ ማሪያ ሳቢና የሚባሉ የማዛቴክ ተወላጅ ፈዋሽ ነበሩ። በ1955 ጎርደን ዋሰን የተባለ የኒውዮርክ ባንክ ሹም ሌሊት ከሚመሩት ሥርዓት ተካፈለ። በ1957 ያየውን ሁሉ በላይፍ መጽሔት አወጣው። ስማቸውን ለውጦ ነበር የጻፈው፤ ግን ምን ይሆናል፣ ተደብቆ አልቀረም። የባዕድ ወጣት መንደሩን አጥለቀለቀው፤ ፖሊስም ተከተለ። የአገሩ ሰው «ምሥጢራችንን አወጣች» ብሎ ተቆጣ፤ ቤታቸውም ተቃጠለ። በ1985 በድህነት አረፉ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት እንግዲህ ይኸ ነው። እሳቸው ለአገራቸው ልጅ ለአልባሮ ኤስትራዳ እንዳጫወቱት (መጽሐፉ በ1977 ወጥቷል)፣ እንጉዳዩ በነሱ ዘንድ የታመመ መፈወሻ እንጂ፣ እንግዶቹ እንደመጡበት፣ እግዚአብሔርን መፈለጊያ አልነበረም።

ሌላም እንጨምር። በ1962፣ በስቅለት ዕለት፣ ሊሪ ይከታተለው የነበረ ዋልተር ፓንኬ የተባለ ተመራማሪ 20 የሥነ መለኮት ተማሪዎችን በቦስተን ዩኒቨርሲቲ የማርሽ ቤተ ጸሎት ምድር ቤት ሰበሰበ። ለግማሾቹ በእንጉዳዩ ውስጥ ያለውን ፕሲሎሳይቢን ሰጣቸው። ከላይ በድምፅ ማጉያ ይወርድላቸው የነበረው ስብከት የማን ነበር? የሃዋርድ ተርማን ነበር፤ አያቱ በባርነት የኖሩ፣ በ1936 ሕንድ ድረስ ሄዶ ከጋንዲ ጋር የተወያየ ጥቁር ሰባኪ። ስለ ሙከራው ሲወራ ግን የእንጉዳዩ ኀይል ይጋነናል፤ የሰባኪው ቃል በዚያ ምድር ቤት ምን እንደሠራ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እስቲ አንካድ፤ ፊልሙ ወንዶችን ብቻ አላናገረም። ጆአን ሃሊፋክስን የመሰለች የቡድሂዝም መምህርትም ትናገርበታለች። የሁለት ወዳጆች ታሪክ ነው፣ ዓለሙን ሁሉ ሊይዝ አይችልም ቢሉንም እንቀበላለን። ጉዳዩ የፊት ቆጠራ ቢሆን ኖሮማ ሁለት ሦስት ሰው ጨምሮ መገላገል በተቻለ ነበር። እኛ የምንለው ሌላ ነው። ሰው የሚወከለው ስለ ሌላው ሕይወት አስተያየት እንዲሰጥ ሲጠራ ብቻ አይደለም፤ የራሱ ዕውቀትና የራሱ ኪሣራ የታሪኩ ክፍል ሆኖ ሲቆጠር ነው። አንዱ ከሥራው ተባሮ ዝነኛ ሲሆን ጀብዱ ተባለ። የሌላይቱ ቤት ሲቃጠል ግን የግርጌ ማስታወሻ ሆነ። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ያላስቀመጠ ታሪክ፣ የቱንም ያህል ስለ ፍቅርና ስለ አንድነት ቢሰብክ፣ ጎዶሎ ነው።

ሁለቱ ሽማግሌዎች በሰላም ስላወጉ ደስ ብሎናል። የሚቀጥለው ፊልም ሠሪ ግን ካሜራውን ከሃርቫርድ በር ላይ አይትከል። ከሁዋውትላ፣ ከዚያች ከተቃጠለች ቤት ይጀምር።